ሴናተር አህመድ አሎንቶ፦ የአናሳውን ሙስሊም ጥያቄ ወደ ሕግ መጽሐፍ ያስገቡት ፊሊፒናዊ

በሪያድ፣ በጅዳ፣ በዱባይ ወይም በኩዌት ሠርቶ የተመለሰ ወገን ፊሊፒናውያንን ሳያውቅ አይቀርም። በአንድ ቤት፣ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ሆቴል ጎን ለጎን ሠርተናል። ብዙዎቹ ካቶሊኮች በመሆናቸው «ፊሊፒንስ» ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የክርስቲያኖች አገር ነው። ነገር ግን በዚያች አገር ደቡባዊ ደሴቶች እስልምና የገባው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ ነው። በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በፊሊፒንስ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሙስሊሞች ይኖራሉ። ከጠቅላላው ሕዝብ 6 ከመቶ ገደማ መሆናቸው ነው።

ሙስሊሙ በቁጥር አናሳ በሆነበት አገር መብቱን በምን መንገድ ያስከብር? መሣሪያ ያንሳ? ዝም ብሎ ይኑር? ወይስ ሕግ ወደሚወጣበት ቤት ገብቶ ይታገል? የፊሊፒንስ ሙስሊሞች ሦስቱንም ሞክረዋል። ሦስተኛውን መንገድ ዕድሜ ልካቸውን ከተጓዙት መካከል በስፋት የሚታወቁት የሕግ ባለሙያውና ሴናተሩ አህመድ ዶሞካኦ አሎንቶ (ረሒመሁላህ) ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የእርሳቸውን ሕይወትና ሥራ ነው። በውስጡም የተሳካ አለ፣ ያልተሳካም አለ፤ ትምህርቱም ከሁለቱም ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

«ሞሮ» የሚለው ስም

ስፔኖች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፊሊፒንስ ደሴቶች ሲመጡ በሱሉና በሚንዳናኦ ሙስሊሞች ጠበቋቸው። በአገራቸው የአንዳሉስን ሙስሊሞች «ሞሮ» ይሏቸው ስለነበር፣ በሌላኛው የዓለም ዳርቻ ያገኟቸውንም በዚያው ስም ጠሯቸው። ስሙ ለዘመናት የስድብና የጥላቻ ስም ሆኖ ኖረ። ስፔን ከ300 ዓመታት በላይ ሰሜኑን ስትገዛ የደቡቡን ሙስሊሞች ግን ሙሉ በሙሉ ማስገበር አልቻለችም። በ1898 አገሪቱን ለአሜሪካ ስታስረክብ ያልተገዛውን ደቡብም አብራ አስረከበች።

አሜሪካኖች ጦራቸውን ይዘው ወደ ላናኦ ሐይቅ ወጡ። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ማራናኦ ይባላል፤ «የሐይቁ ሰዎች» ማለት ነው። በ1902 በሐይቁ ዳርቻ ባያንግ በተባለ ስፍራ ከባድ ውጊያ ተደረገ። ማራናኦዎች በጀግንነት ቢዋጉም መድፍ አሸነፋቸው። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ትምህርት ቤቶች ከፈቱ። ብዙ ወላጆች ግን «ልጄን ክርስቲያን ያደርጉብኛል» ብለው ስለፈሩ አልላኩም። ፍርሃቱ የሚያስወቅስ አልነበረም፤ ውጤቱ ግን ከባድ ሆነ። መሬት የሚመዘገበው በወረቀት፣ ክርክሩ የሚካሄደው በፍርድ ቤት፣ ሹመት የሚሰጠው በትምህርት ማስረጃ በሆነበት አዲስ ሥርዓት ሙስሊሙ በገዛ አገሩ ወረቀት ማንበብ የማይችል ሆኖ ተገኘ። በዚያው ላይ መንግሥት ከሰሜንና ከመካከለኛው ደሴቶች ሰፋሪዎችን ወደ ሚንዳናኦ ማጓጓዝ ጀመረ። አያቶቹ ያረሱትን መሬት የባለቤትነት ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ወሰደው።

ሁለት መልሶች፣ አንድ ዓመት

የፊሊፒንስ ነፃነት ሲቃረብ ማራናኦዎች ሁለት የተለያዩ መልሶች ሰጡ። በመጋቢት 1935 ከመቶ በላይ የሆኑ የማራናኦ ባላባቶች በዳንሳላን ከተማ ተሰብስበው ለአሜሪካው ፕሬዝዳንት የሚላክ ደብዳቤ ፈረሙ። ዳንሳላን ዛሬ ማራዊ የምትባለው ከተማ ናት። ጥያቄያቸው ሚንዳናኦና ሱሉ ነፃ በምትወጣው ፊሊፒንስ ውስጥ እንዳይካተቱ ነበር። ሃይማኖታችንና መሬታችን አይከበርልንም የሚል ስጋት ነበራቸው።

በዚያው ወቅት ግን የራማይኑ ሱልጣን አላውያ አሎንቶ አዲሱን ሕገ መንግሥት በሚያረቅቀው ጉባኤ ላይ ተወካይ ሆነው ማኒላ ተቀምጠው ነበር። በጉባኤው ያነሱት ጥያቄ የስም ጥያቄ ነበር። «ሞሮ» ስንባል ከፊሊፒንስ ሕዝብ ውጭ እንደሆንን ይሰማናል፤ የምንፈልገው ፊሊፒናውያን ሙስሊሞች መባልን ነው የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አደረጉ። እንዲህ ያለው የአጠራር ጥያቄ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። «በአገሪቱ የሚኖር» መባልና «የአገሪቱ ባለቤት» መባል አንድ እንዳልሆነ እናውቃለን።

አንደኛው መልስ «አታስገቡን» አለ፤ ሁለተኛው «ከገባን በእኩልነት ይሁን» አለ። ከሁለቱ የትኛው ልክ ነበር የሚለው ክርክር በሚንዳናኦ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የሱልጣኑ ልጅ አህመድ ዶሞካኦ ግን ያደጉት በሁለተኛው ቤት ውስጥ ነው።

የሱልጣኑ ልጅ የሕግ ተማሪ ሆኑ

አህመድ ዶሞካኦ አሎንቶ በነሐሴ 1914 በላናኦ፣ በራማይን ተወለዱ። ብዙ ባላባቶች ልጆቻቸውን ከመንግሥት ትምህርት ቤት በሚያሸሹበት ዘመን አባታቸው አስተማሯቸው። ከዚያም ማኒላ ሄደው በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ። በዚያ ዘመን ሕግ የተማረ ሙስሊም በጣት የሚቆጠር ነበር። ላናኦ ውስጥ የተማረ ጠበቃ ማለት ለገበሬው የመሬቱን ወረቀት የሚያነብለት፣ መንግሥት የላከውን ደብዳቤ የሚፈታለት፣ ፍርድ ቤት ቆሞ በእርሱ ፋንታ የሚናገርለት ሰው ማለት ነበር።

አገሪቱ በ1946 ነፃ ከወጣች በኋላ አሎንቶ ወደ ፖለቲካው ገቡ፤ በ1953ቱ ምርጫም የላናኦ ተወካይ ሆነው ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄዱ። በ1955 መጨረሻ ደግሞ በናሲዮናሊስታ ፓርቲ በኩል ሴናተር ሆነው ተመረጡ። እዚህ ላይ የፊሊፒንስን የምርጫ ሥርዓት መረዳት ያስፈልጋል። የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚመረጠው በአካባቢው ሕዝብ ነው። ሴናተር ግን መላው አገር እንደ አንድ የምርጫ ክልል ተቆጥሮ ነው የሚመረጠው። ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ በሆነበት አገር አንድ ሙስሊም ሴናተር ለመሆን የግድ የብዙ ክርስቲያን ወገኖችን ድምፅ ማግኘት አለበት። አሎንቶ ያንን አገኙ፤ እስከ 1961 መጨረሻም በሴኔቱ አገለገሉ።

የ1954ቱ ኮሚቴ

ገና የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሳሉ ሱሉ ደሴት በሐጂ ካምሎን መሪነት በተነሳው አመፅ ትታመስ ነበር። መንግሥት ጦር ቢልክም ችግሩ አልቆመም። በ1954 ምክር ቤቱ «የሞሮ ችግር» የተባለውን እንዲያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። አባላቱ ሦስት ሙስሊም ተወካዮች ነበሩ፦ አሎንቶ ከላናኦ፣ ሉሚኖግ ማንገለን ከኮታባቶ፣ ኦምብራ አሚልባንግሳ ከሱሉ።

ከዚያ በፊት በማኒላ የተለመደው አነጋገር ሙስሊሙ «ሽፍታና ሕግ የማያውቅ» ነው የሚል ነበር። ኮሚቴው ጉዳዩን ከሌላ ጎን አየው። አመፁን የሚወልደው ድህነት፣ የትምህርት እጦት፣ የመሬት መነጠቅና የመንግሥት ቸልታ ነው አለ። ሙስሊሙ የአገሪቱ አካል መሆኑ እንዲሰማው ካልተደረገ ሰላም አይመጣም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። በጥይት ለመፍታት የተሞከረን ጉዳይ የአስተዳደርና የፍትሕ ጉዳይ ነው ብሎ በኦፊሴላዊ ሰነድ ማስፈር በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚህ አስተሳሰብ ሁለት ሕጎች ተወለዱ። አንደኛው እስከ ዛሬ ሕያው ነው። ሁለተኛው ከ20 ዓመት በታች ኖሮ ሞተ። የእኚህን ሰው ሕይወት ለመረዳት ሁለቱን ማነጻጸር ይበቃል።

የቆየው ሕግ፦ በሐይቁ አናት ላይ የቆመ ዩኒቨርሲቲ

ፕሬዝዳንት ራሞን ማግሳይሳይ በሰኔ 1955 አዋጅ ቁጥር 1387ን ፈረሙ። የሚንዳናኦ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በዚህ አዋጅ ነው። የሐሳቡ አባት አሎንቶ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው እንዲተከል የተመረጠው ቦታ የክርስቲያን ሰፋሪዎች የበዙበት ትልቅ ከተማ አልነበረም፤ ከላናኦ ሐይቅ በላይ ባለው ኮረብታማ ስፍራ በሙስሊሞቹ ከተማ በማራዊ ነበር። አዋጁ ከወጣ በኋላ ግቢው እስኪከፈት ዓመታት ፈጅቷል፤ የተመረቀው በመስከረም 1961 ነው። የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት የተደረጉት አንቶኒዮ ኢሲድሮ የተባሉ ክርስቲያን የትምህርት ምሁር ነበሩ።

ዓላማው ሙስሊሞች፣ ክርስቲያኖችና «ሉማድ» የሚባሉት የሚንዳናኦ ነባር ሕዝቦች በአንድ ግቢ አብረው እንዲማሩ ነበር። ያኔ ልጁን «ክርስቲያን ያደርጉብኛል» ብሎ የሚፈራው ማራናኦ አባት ዩኒቨርሲቲው ደጃፉ ድረስ መጣለት። አዛን በሚሰማበት ከተማ፣ ዘመድ አዝማድ ባለበት ሰፈር የተከፈተ በመሆኑ ልጁን፣ ብሎም ሴት ልጁን፣ ለመላክ ቀለለው። ዩኒቨርሲቲው ቆይቶ በንጉሥ ፈይሰል ስም የሚጠራ የእስልምና፣ የዐረብኛና የእስያ ጥናት ማዕከል አቋቋመ። ዛሬ ከማራዊ አልፎ በኢሊጋን፣ በጄኔራል ሳንቶስ፣ በሱሉ፣ በታዊታዊና በሌሎችም ቦታዎች ቅርንጫፎች አሉት። በደቡብ ፊሊፒንስ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ መምህር ወይም ጠበቃ የሆነ ሙስሊም ስታገኙ ራሱ ወይም ከቤተሰቡ አንዱ በዚያ ግቢ አልፎ ሊሆን ይችላል።

ከባንዱንግ እስከ አል-አዝሃር

ያው 1955 ሌላም ነገር ይዞ መጣ። በሚያዝያ ወር የእስያና የአፍሪካ 29 አገሮች በኢንዶኔዥያ ባንዱንግ ከተማ ተሰበሰቡ። ኢትዮጵያም ከተሳታፊዎቹ አንዷ ነበረች። በካርሎስ ሮሙሎ በተመራው የፊሊፒንስ ልዑክ ውስጥ አሎንቶ ነበሩበት። በጉባኤው ከጎልማሳው የግብፅ መሪ ከገማል አብዱናስር ጋር ተገናኙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግብፅ ለፊሊፒንስ ሙስሊም ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠች፤ ከ200 በላይ ወጣቶችም በዚህ መንገድ ወደ ካይሮ ተሻገሩ።

የእኛ አገር ጀበርቲዎች በአል-አዝሃር የራሳቸው ሪዋቅ እንደነበራቸው አንባቢያን ታስታውሳላችሁ። ለፊሊፒንሱ ሙስሊም ግን ይህ ትልቅ መከፈት ነበር። ለዘመናት ከተቀረው ኡማ ተነጥሎ የኖረ ሕዝብ ልጆች በዐረብኛ ምንጮቹን አንብበው፣ ከሌሎች አገሮች ሙስሊሞች ጋር ተዋውቀው ተመለሱ። በየመንደሩ መድረሳዎችን ከፈቱ። አሎንቶ አንድ እጃቸው ዘመናዊውን ዩኒቨርሲቲ ሲያቆም ሌላኛው እጃቸው የዲን ዕውቀትን በር ይከፍት ነበር። ሁለቱን እንደ ተቃራኒ አላዩአቸውም።

የሞተው ሕግ፦ «የውህደት» ኮሚሽን

በሰኔ 1957 አዋጅ ቁጥር 1888 ወጣ። የብሔራዊ ውህደት ኮሚሽን የተቋቋመበት ሕግ ነው፤ መነሻውም የ1954ቱ ኮሚቴ ሪፖርት ነበር። ኮሚሽኑ መንገድና ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ፣ የመሬት ጉዳይ እንዲታይ፣ ወጣቶች የትምህርት ዕድል እንዲያገኙ የማድረግ ኃላፊነት ተሰጠው። በእርግጥም በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በኮሚሽኑ ድጋፍ ማኒላ ድረስ ሄደው ተምረዋል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ አንክድም።

ችግሩ ያለው በሕጉ ሥረ መሠረት ላይ ነበር። ሕጉ ሙስሊሙንና ሌሎቹን ነባር ሕዝቦች የሚጠራቸው «ክርስቲያን ያልሆኑ ፊሊፒናውያን» እያለ ነው። ማን እንደሆኑ አይናገርም፤ ምን እንዳልሆኑ ብቻ ይናገራል። «ውህደት» የሚለው ቃልም በተግባር አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበረው፦ አናሳው ብዙኃኑን እንዲመስል። ብዙኃኑ አናሳውን እንዲያውቅ የሚያስገድድ ነገር አልነበረበትም። በጀቱም ከተሰጠው ኃላፊነት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም፤ ዋናው ቁስል የሆነው የመሬት ነጠቃም አልቆመም። ሰፋሪው እየጨመረ ሄደ፤ ሙስሊሙ በብዙ አውራጃዎች በገዛ አገሩ አናሳ ሆነ። ኮሚሽኑ በ1975 ፈረሰ። ሲፈርስ የጮኸለት ሰው ብዙ አልነበረም።

የሁለቱ ሕጎች ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለሕዝቡ በእጁ የሚይዘው፣ እንደ ራሱ ሆኖ የሚጠቀምበት ነገር ሰጠው። ኮሚሽኑ ግን «ተለወጥ» አለው። ሰው የተሰጠውን ይይዛል፤ ማንነቱን ቀይር ያለውን ግን ውሎ አድሮ ይሸሸዋል።

ግቢው የጦር ሜዳ ሲሆን

በመጋቢት 1968 ኮረጊዶር በተባለች ደሴት ላይ ለስውር ወታደራዊ ዘመቻ ሲሠለጥኑ የነበሩ ወጣት ሙስሊሞች በገዛ አሠልጣኞቻቸው ተገደሉ። በሕይወት ያመለጠው ጂቢን አሩላ ጉዳዩን ለሕዝብ አወጣው። የተከሰሱት መኮንኖች ግን በነፃ ተለቀቁ። ይህ ፍርድ በተማረው ሙስሊም ወጣት ልብ ውስጥ የነበረውን የሕግ እምነት ሰበረው። በሰኔ 1971 ደግሞ በኮታባቶ ማኒሊ በተባለ መንደር መስጂድ ውስጥ የተሰበሰቡ ሙስሊሞች ተጨፈጨፉ።

በመስከረም 1972 ፕሬዝዳንት ፈርዲናንድ ማርቆስ ወታደራዊ አዋጅ አወጁ። ከአንድ ወር በኋላ በማራዊ አመፅ ፈነዳ፤ ታጣቂዎች አሎንቶ ያለሙትን የዩኒቨርሲቲውን ግቢም ያዙ። ኑር ሚሱዋሪ የሞሮ ብሔራዊ ነፃነት ግንባርን ይመሩ ነበር። የግንባሩ መሥራች ምክትል ሊቀ መንበር የአሎንቶ የወንድም ልጅ አቡል ኸይር አሎንቶ ነበር። ኋላ ከግንባሩ ተለይተው የሞሮ እስላማዊ ነፃነት ግንባርን የመሠረቱት ሰላማት ሃሺምም በአል-አዝሃር የተማሩ ነበሩ።

አንዳንዶች ይህን አይተው «አሎንቶ የደከሙለት ትምህርት አመፀኛ አፈራ» ይላሉ። እኛ እንዲህ አናየውም። ትምህርት ወጣቱን በደልን በስሙ እንዲጠራ አስቻለው። በደሉን የፈጠረው ግን መሬቱን የነጠቀውና ፍርዱን ያዛባው ሥርዓት ነው። አንድ ነገር ግን መካድ አይቻልም፦ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አጎት በሕግ፣ የወንድም ልጅ በጠመንጃ መታገላቸው ጥያቄው ምን ያህል የከበደ እንደነበር ያሳያል። ስድቡ የነበረው «ሞሮ» የሚለው ስምም በዚህ ትውልድ እጅ ተገላብጦ የኩራት ስም ሆነ። ሱልጣን አላውያ እንዳይጠሩበት የጠየቁትን ስም የልጅ ልጆቻቸው ራሳቸው አንግበው ወጡ።

ኒካህና ፍቺ በሕግ ፊት

ስለ ፊሊፒንስ ሙስሊሞች የሕግ ትግል ስናነሳ የቤተሰብ ሕጉን መዝለል አይቻልም። በፊሊፒንስ ጠቅላላ ሕግ ፍቺ አይፈቀድም። በ1949 የወጣ አዋጅ ለሙስሊሞች በራሳቸው ሥርዓት መፋታትን ፈቀደ፤ ፈቃዱ ግን ለ20 ዓመት ብቻ ነበር። ይህ የጊዜ ገደብ የዘመኑን አስተሳሰብ ያጋልጣል፦ ሙስሊሙ በ20 ዓመት ውስጥ «ሠልጥኖ» እንደ ሌላው ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። ጊዜው አለቀ፤ ሙስሊሙ ግን ሙስሊም ሆኖ ቀጠለ።

በታኅሣሥ 1976 በሊቢያ ትሪፖሊ መንግሥትና ግንባሩ ስምምነት ተፈራረሙ። በየካቲት 1977 የሙስሊሞች የግል ጉዳይ ሕግ ታወጀ። ኒካህ፣ ጦላቅ፣ ውርስና የልጆች ጉዳይ በሸሪዓ የሚታይባቸው ፍርድ ቤቶች የአገሪቱ የፍትሕ ሥርዓት አካል እንዲሆኑ ተደነገገ። አምስት የሸሪዓ የአውራጃ ፍርድ ቤቶችና 51 የወረዳ ፍርድ ቤቶች እንዲቋቋሙም ተወሰነ። ይህኛው ሕግ የጊዜ ገደብ አልነበረውም። ለዚህ መድረስ የታጋዮቹ መስዋዕትነት እንዳለ ሆኖ፣ ሕጉን አርቅቆ ለፍርድ ቤት በሚመች መልክ ያዘጋጀው ግን ሕግ የተማረ ሙስሊም ትውልድ ነው።

የአባት ወንበር፣ ከ50 ዓመት በኋላ

በ1986 የማርቆስ አገዛዝ ወደቀ። አዲሷ ፕሬዝዳንት ኮራዞን አኪኖ አዲስ ሕገ መንግሥት የሚያረቅቅ ኮሚሽን ሰየሙ። ከአባላቱ አንዱ የ72 ዓመቱ አህመድ ዶሞካኦ አሎንቶ ነበሩ። አባታቸው ሕገ መንግሥት ሊያረቅቁ ማኒላ ከተቀመጡ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል።

ልዩነቱን ተመልከቱ። አባት የጠየቁት በአገሪቱ ስም መጠራትን ነበር። ልጅ የተቀመጡበት ኮሚሽን ያረቀቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በሙስሊም ሚንዳናኦና በሰሜኑ ኮርዲየራ ራስ ገዝ ክልሎች እንደሚቋቋሙ በግልጽ አሰፈረ። ሕዝቡ በየካቲት 1987 አጸደቀው። በ1957 «ውህደት» ይል የነበረው መንግሥት በ1987 «ራስ ገዝ» የሚለውን ቃል በሕጎች ሁሉ አናት ላይ ጻፈ። አሎንቶ በሁለቱም ዘመን ነበሩ። የመጀመሪያው መንገድ አለመሥራቱን አይተው ወደ ሁለተኛው መሻገራቸውን እኛ እንደ መዋዠቅ አንቆጥረውም፤ ከተሞክሮ መማር ነው።

በቀጣዩ ዓመት በ1988 ለእስልምና በሰጡት አገልግሎት የንጉሥ ፈይሰል ሽልማትን ተቀበሉ። የሙስሊም ዓለም ሊግ (ራቢጣ) መሥራች ምክር ቤት አባል ሆነውም አገልግለዋል። የቁርኣንን ትርጉም ወደ ማራናኦ ቋንቋ በመመለስም ለሕዝባቸው የቀረ ሥራ ትተዋል። በ2002 ወደ አኼራ ሄዱ።

ከእርሳቸው በኋላ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ወዲያው ሰላም አላመጣም። በ1989 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ራስ ገዙን ለመቀላቀል የወሰኑት አራት አውራጃዎች ብቻ ነበሩ። ጦርነቱም ሲቆምና ሲቀጥል ኖረ። ነገር ግን ከእርሳቸው ሞት በኋላ የተደረጉት ድርድሮች ሁሉ የቆሙት በዚያ አንቀጽ ላይ ነው። በ2014 መንግሥትና የሞሮ እስላማዊ ነፃነት ግንባር አጠቃላይ ስምምነት ፈረሙ። በ2018 የባንግሳሞሮ መሠረታዊ ሕግ ወጣ። በ2019 መጀመሪያ በሕዝበ ውሳኔ ጸድቆ አዲሱ የባንግሳሞሮ ራስ ገዝ ክልል ተመሠረተ፤ የግንባሩ መሪ ሙራድ ኢብራሂምም የመጀመሪያው ዋና ሚኒስትር ሆኑ። ጫካ የነበሩ ታጋዮች ወደ ምክር ቤት ገብተው ሕግ ማርቀቅ ጀመሩ። በ2024 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሱሉ የክልሉ አካል እንዳይደለ ወሰነ። ጉዳዩ ዛሬም በሕግ እየተቆረጠ፣ በሕግ እየተሰፋ ነው።

ዩኒቨርሲቲውስ? በግንቦት 2017 ከአይኤስ ጋር ቃል የገቡ ታጣቂዎች ማራዊን ያዙ። አምስት ወር በፈጀ ውጊያ የከተማዋ መሐል ወደ ፍርስራሽነት ተቀየረ፤ መስጂዶች ሳይቀሩ ፈረሱ። ውጊያው ገና ሳያልቅ፣ የመድፍ ድምፅ እየተሰማ፣ በነሐሴ ወር ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ጀመረ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ በግቢው የስፖርት አዳራሽ ለእሁድ ጸሎት በተሰበሰቡ ካቶሊኮች ላይ ቦምብ ፈንድቶ አራት ሰዎች ሞቱ። ኃላፊነቱን አይኤስ ወሰደ።

ይህን ጥቃት ልብ በሉት። አጥፊዎቹ የመረጡት ቦታ አንድ ሙስሊም ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች አብረው እንዲማሩበት ያለሙትን ግቢ ነው። ክርስቲያን ተማሪዎች በሙስሊሞች ከተማ ጸሎታቸውን ያለ ስጋት የማድረሳቸው ነገር ለአጥፊዎቹ የማይዋጥ ነበር። አናሳ ሆኖ መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ በቤቱ ያለውን አናሳ መጠበቅ ግዴታው መሆኑን ይህ ክስተት በመራራ መንገድ አስታውሷል።

ምን እንውሰድ?

ከእኚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገሮችን እንይዛለን። አንደኛ፣ የሕግ ዕውቀት የቅንጦት ዕውቀት አይደለም። መሬትን፣ ኒካህን፣ መስጂድን፣ ስምን ሳይቀር የሚወስነው በሕግ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ የሌለው ማኅበረሰብ ሌሎች የጻፉለትን ይፈርማል። ሁለተኛ፣ መልካም ሥራ በሠሪው ዕድሜ አይለካም። አሎንቶ ዩኒቨርሲቲውን ያለሙት በጎልማሳነታቸው ነው፤ ከእርሳቸው ሞት 15 ዓመት በኋላ በጦርነት መሐል በሩን የከፈተው ግን ያው ዩኒቨርሲቲ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ሲጻፍ ሽማግሌ ነበሩ፤ ፍሬውን ያዩት እርሳቸው አይደሉም።

ጠቃሚ ዕውቀት ትቶ ያለፈ ሰው ምንዳው ከሞተ በኋላም እንደማይቋረጥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። አላህ ሴናተር አህመድ ዶሞካኦ አሎንቶን ይዘንላቸው፤ ለፊሊፒንስ ሙስሊም ወንድምና እህቶቻችን ሰላሙን ያጽናላቸው። ከእኛም ልጆች መካከል የሕዝባቸውን ጉዳይ በዕውቀት፣ በትዕግሥትና በፍትሕ የሚይዙትን ያብዛልን። አሚን።